ለራም ብዬ የፈጠርኩት የንብ ቀፎ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ማር ባየሁ ቁጥር ሳቄም እፍረቴም ተያይዘው ይመጡብኛል። ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ራሴን ትንሽ አሳምሬ ነው የማወራው። ዛሬ ሳላሳምር ልናገረው።

አስቴር እባላለሁ። ቦንጋ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ ዝቅ ብሎ፣ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ የምሠራባት አንዲት ክፍል ሱቅ አለችኝ። ለእኔ የዓመቱ ወር ሁሉ አንድ ወገን፣ ጥር ለብቻው አንድ ወገን ነው። ጥር የስድስት ወር ሪፖርት ወር ነዋ! ከየወረዳው የሚመጣው ባለሙያ ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይሰለፋል። አንዱ ሠንጠረዥ ይበዛበታል፣ አንዱ የችግኝ ፎቶ ይደረድራል፣ አንዱ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ካልተደረገልኝ ይላል። የሱቄን ኪራይ የምሸፍነውም ልጆቼን የማስተምረውም አብዛኛውን በዚህ ወር ሥራ ነው።

ያን ጊዜ ታዲያ ኮምፒውተሬ ታመመ። አልሞተም፤ ብቻ ሁሉንም ነገር የሚያስብበት ሆነ። አንድ ሪፖርት ስከፍት ያስባል። ሁለተኛ ስጨምርበት ይፈዛል። ደንበኛ ፊት ቁጭ ብዬ "አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል" ስል ምላሴ ደረቀ።

የአክስቴ ልጅ ግርማ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከፍቶ አየውና "ራሙ አነሰው። ራም ጨምሪበት፣ ይነሳል" አለኝ። ራም የሚሉት የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ነው፤ ከእስክሪብቶ የማይረዝም፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ የሚመስል አረንጓዴ ቁራጭ ነገር። ይቺማ ምን አላት ብዬ አዲስ አበባ ደወልኩ። ሻጩ የነገረኝ ዋጋ ኮምፒውተሩን በሙሉ ስገዛው ካወጣሁት ብዙም አይርቅም።

"ወንድሜ፣ የነገርከኝ የራም ዋጋ ነው ወይስ የመኪና?" አልኩት።

"እህቴ፣ ነገ ከዚህም ይጨምራል" አለኝ። "ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እያሉ ከፋብሪካው ጠራርገው እየወሰዱት ነው።"

ስልኩን ዘግቼ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ሀብት ይዘው ቦንጋ ለምትደርሰው አንዲት ራም ያን ያህል ምን አስቸኮላቸው? ግን ንዴት ኮምፒውተር አያስነሳም። ጎኑን ከፍቼ ቬንትሌተር አዞርኩበት። ሙዚቃ አቆምኩ። የልጆቼን ፎቶ ሳይቀር አጠፋሁለት። ምንም አልተሻለውም።

በዚያው ሰሞን ግርማ እየሮጠ መጣ። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃዎቹን በሐራጅ ሊሸጥ ነው፤ ከነዚያ ውስጥ አሥራ ሁለት ሲፒዩ አለ። ሲፒዩ የምንለው የኮምፒውተሩን ሳጥን ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ አብረው ተቃጥለው አይጠገኑም ተብለው የተወገዱ ናቸው።

"የተቃጠለው ሌላው ዕቃ ነው" አለኝ ግርማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ራሙን አምና በእጄ ነው የጨመርኩባቸው። ልክ ላንቺ የሚሆነው ነው። ግን ማንም እንዳይሰማ።"

ማንም ማለቱ ታሪኩ የሚባለውን ጎረቤቴን ነው። ታሪኩ ከመንገዱ ማዶ እንደኔው የጽሕፈት ሱቅ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እኔ የነካሁትን ሳይነካ አያድርም። እኔ ብርቱካንማ ወረቀት ሳመጣ ያመጣል። እኔ በሬ ላይ አበባ ስተክል ይተክላል። ሲፒዩዎቹን መፈለጌን ካወቀ ዋጋው ጣራ እንደሚነካ አልተጠራጠርኩም።

ከሐራጁ በፊት ዕቃው በሚታይበት ቀን መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ገብቼ ሳጥኖቹን ሳገላብጥ ከኋላዬ "አስቱ! እነዚህ ሬሳዎች ምን ሊያደርጉልሽ ነው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ታሪኩ ነው፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ፈገግ ብሏል።

ምን ልበል? ቀና ስል ከአጥሩ ባሻገር ጫካው ታየኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"ለንብ ቀፎ" አልኩት።

"ለምን?"

"ለንብ ቀፎ። አልሰማህም እንዴ? ጎኑ በብሎን ይከፈታል። ማር ሲቆረጥ ቀፎ መስበር፣ ንብ መጨረስ የለም። የአየር መግቢያም አለው፤ ንቧ በዚህ ትገባለች፣ በዚያ ትወጣለች። ዘመናዊ ነው" አልኩት ፊቴን ኮስተር አድርጌ።

ታሪኩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ንቦቹ ዋይፋይም ይፈልጋሉ በይኛ!" ብሎ ጥሎኝ ወደ በሩ ሄደ። እኔም በሆዴ ተገላገልኩ ስል አንድ ሽማግሌ ሰው ቀስ ብለው ጠጋ አሉኝ። አሮጌ ቆርቆሮ ሊያዩ ከማንኪራ ገጠር የመጡ ናቸው። ጋሽ ኮቺቶ እንደሚባሉና ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው።

"ልጄ" አሉኝ አንዱን ሳጥን በጣታቸው እያንኳኩ። "ለሰውየው የነገርሽውን ሰማሁ። እውነት ንብ ይገባበታል?"

ታሪኩ ገና በሩን አልወጣም። ከዘበኛው ጋር ቆሞ በእኔ እየሳቀ ነው። ያን ጊዜ "ቀልዴን ነው አባቴ" ብል ነገሬ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ይገባበታል እንጂ አባቴ! እንዴት አይገባበትም!" አልኳቸው።

አመስግነውኝ ሄዱ። እኔም ረሳኋቸው።

በማግስቱ ሐራጁ ላይ ታሪኩ የመጣው እንደ ትርዒት ሊያየኝ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አሥራ ሁለቱን ሲፒዩ በአንድ ላይ አቀረበ። የመጀመሪያውን ዋጋ ጠራሁ። ዝም። ሰብሳቢው "አንደኛ..." ሲል ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ጋሽ ኮቺቶ ናቸው!

ጨመርኩ። ጨመሩ። ጨመርኩ። ቡናው ተሽጦ ያለቀበት ሰሞን ስለሆነ ኪሳቸው ወፍሯል። እኔ በላቤ ተጠመቅሁ፤ ነጠላዬን አውርጄ ፊቴን ጠረግሁ። ግርማ ከጎኔ ቆሞ ክርኔን ይጎትታል። ገበያተኛው ሁለት ሰው ለባዶ ቆርቆሮ እንዲህ ሲጋፋ አይቶ አያውቅምና ይስቃል። በመጨረሻ የያዝኩት ብር አለቀ። ሰብሳቢው "ሦስተኛ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

ጋሽ ኮቺቶ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ። አንቺ ባትነግሪኝ ከየት አውቅ ነበር?" አሉኝ።

"ትንሽ... ትንሹን እንኳ ቢሸጡልኝ?" አልኳቸው።

"አይ፣ አንቺማ ጥቅሙን ስለምታውቂ ነው" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳጥኖቹን ከገበያ በሚመለስ አይሱዙ ላይ አስጭነው ሄዱ። እውነቱን እዚያው ልነግራቸው ይገባ ነበር። ግን ታሪኩ ከአጠገቤ አልተነቃነቀም፤ እኔም እርሱ ከሚስቅብኝ የእሳቸው ገንዘብ ይጥፋ አልኩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይሞቃል።

ሳምንቱ ክፉ ነበር። ከቢታ ገነት ድረስ የመጣ አንድ ባለሙያ ፎቶ የበዛበት ሪፖርቱን ሰጠኝ። ኮምፒውተሬ ገና አሥረኛው ገጽ ላይ ደረቀ። ሰውየው ቆየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ቆየ። ከዚያ ፍላሹን በትህትና ነቅሎ መንገዱን ተሻገረ። በማግስቱ ሦስት ሰው ተሻገረ። ጥር አጋማሹን አለፈ፣ እኔ ደግሞ በሬ ላይ ቆሜ የታሪኩን ሰልፍ እቆጥራለሁ።

ሲብስብኝ ግርማን ይዤ ወደ ማንኪራ ተነሳሁ። ባጃጁ እስከሚችለው አደረሰን፤ ቀሪውን በእግራችን ገባን። መንገድ ላይ የዛፉ ጥላ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ግርማ ድንገት ቆመና ወደ ላይ ጠቆመኝ።

አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ሲፒዩ ተሰቅሏል። በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ ልክ እንደ ቀፎ። የመሥሪያ ቤቱ የንብረት ቁጥር ያለበት ወረቀት ግን ፊት ለፊት ይታያል።

"ላም አለኝ በሰማይ" አለ ግርማ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ራሙ ውስጡ ካለስ? በእኛ አገር የተሰቀለ ቀፎ ባለቤቱ ካልሆነ በቀር ማንም አይነካውም። ንብ ከገባበት ደግሞ ማሩ እስኪደርስ ባለቤቱም አያወርደው።

ጋሽ ኮቺቶ ቤት ስንደርስ ግን ሌላ ነገር ጠበቀኝ። ከቤታቸው ፊት ባሉት ሁለት ዛፎች መካከል ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ የሲፒዩዎቹ ሆድ ዕቃ ሁሉ እንደ ልብስ ተሰጥቷል፤ ሽቦው፣ ማራገቢያው፣ ቆርቆሮው። ከመካከላቸው ደግሞ አረንጓዴዎቹ ራሞች በክር ታስረው በንፋሱ ይወዛወዛሉ። የአንዷ ዋጋ ያንገበገበኝ ሴት አሥራ ሁለቱን ተሰጥተው አየኋቸው!

ጋሽ ኮቺቶ በርጩማ አወጡልን። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁን። እኔም በመንገድ ያዘጋጀሁትን አዲስ ውሸት አወጣሁ።

"ቀፎዎቹ እንዴት ሆኑ ብዬ ነው የመጣሁት" አልኩ። "እግረ መንገዴን ደግሞ ከዚህ ቅራቅንቦ ትንሽ ቢሰጡኝ ብዬ። ለልጆቼ ማሳያ እንዲሆነኝ።"

"ውሰጂ" አሉኝ። "የፈለግሽውን አንሺ።"

ተንኮለኛ ነኝ አይደል? ዘልዬ ራሙ ላይ አልሄድኩም። መጀመሪያ ማራገቢያ አነሳሁ፤ አገላበጥኩ። ቀጥሎ ሽቦ። ከዚያ እንደ ዋዛ እጄን ወደ አረንጓዴዋ ስሰድ ጋሽ ኮቺቶ ሳቁ። ተነስተው የመጀመሪያዋን ራም ከክሯ ፈቱና መዳፌ ላይ አኖሯት።

"ዓይንሽ በሩን ስትገቢ እዚህ ነው ያረፈው" አሉኝ። "ሌላውን ለምን ትደክሚበታለሽ?"

ደነገጥኩ። ግርማ መሬት መሬት ያያል።

"የጫካ ንብ ቤቷ የት እንደሆነ ስፈልግ አልይዛትም" አሉ ጋሽ ኮቺቶ። "ዝም ብዬ ቁጭ እላለሁ። የት እንደምታርፍ አያለሁ። ሐራጁ ቀን ላብሽን ስትጠርጊ አይቻለሁ። ኋላ ሳስበው፣ ለባዶ ሳጥን ሰው እንደዚያ አያልበውም። የቱን እንደፈለግሽው ግን አላወቅሁም። ስለዚህ የሆድ ዕቃውን ሁሉ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ትመጣለች አልኩ። መጣሽ።"

ከዚህ በኋላ ሁሉንም ተናዘዝኩ። የኮምፒውተሬን ነገር፣ የዋጋውን ነገር፣ የታሪኩን ነገር፣ ቀፎው ከአፌ እንዴት እንደወጣ፣ ምንም አልደበቅሁም። እሳቸው ራሟን እያዩ ሰሙኝ። ስጨርስ ፊታቸው ላይ ሳቁ የለም።

"እኔ መጀመሪያ አምኜሽ ነበር" አሉ። "ንብ ብረት አይወድም፤ አውቃለሁ። ግን የተማረች ሴት ናት፣ ታውቃለች አልኩ። ውስጡን በቀርከሃ አለበስኩ። ውጪውን መረግሁ። ሦስቱን ሰቀልኩ። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ሲያየኝ ይስቃል። 'ኮቺቶ አረጀ፣ ለንብ ኮምፒውተር ሰቀለ' ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ቀፎ ስሰቅል ማንም ስቆብኝ አያውቅም።"

የምገባበት ጠፋኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያጠፋሁባቸው ገንዘብ ብቻ መስሎኝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ስነሳ እንባዬ መጣ።

ጋሽ ኮቺቶ ግን ሰው በማልቀሱ የሚደሰቱ አይደሉም። ፍርዳቸውን ሰጡ። ራሞቹን ሁሉ ልወስድ፣ ለሐራጁ ያወጡትን ልመልስላቸው፤ ከዚያ በላይ ሳንቲም አይፈልጉም። አንድ ነገር ብቻ አለ። አራተኛው ሳጥን በእኔ ስም ይሰቀላል። ገመዱን እኔው በእጄ፣ ጎረቤት ተጠርቶ እያየ አስራለሁ። የቡናው አበባ ረግፎ እስኪያልቅ ንብ ካልገባበት፣ ሳጥኑን አውርጄ በገበያ ቀን አናቴ ላይ ተሸክሜ ቦንጋን አቋርጣለሁ።

"እኔ ላይ እንደሳቁት ይሳቁብሻል" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ሳቁ ተመለሰ።

ጎረቤቶቹ መጡ። ግርማ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጸኝ ሲል ቆነጠጥኩት። ገመዱን አሰርኩ፤ ላላ ተብዬ እንደገና አሰርኩ። ጋሽ ኮቺቶ በዚያ ዕድሜያቸው ዛፉ ላይ እንደ ወጣት ወጥተው ሰቀሉት።

ሱቅ ስንመለስ ግርማ የራሞቹን ወርቃማ ጠርዝ በላጲስ ፈተገው። ሁለቱ አልነሱም፤ አሥሩ ደህና ናቸው። የሚበቃኝን ሲሰካልኝ ኮምፒውተሬ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ብድግ አለ። ሠንጠረዥ፣ ፎቶ፣ ቀይ ጽጌረዳ፣ ምን የማይሸከመው አለ! የቀረውን የጥር ሥራ ሠራሁት። የጋሽ ኮቺቶን ገንዘብ በመጀመሪያው ሳምንት ላክሁ፤ ኪራዬም ተከፈለ። ያ የቢታ ገነት ባለሙያ ሳይቀር ለጥረዛ ተመልሶ መጣ። ታሪኩ በሩ ላይ ቆሞ የእኔን ሰልፍ ማየት ጀመረ።

እኔ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንብ ጸለይኩ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ "ጌታ ሆይ፣ አንዲት ንብ እንኳ" እያልኩ ነበር። የቡናው አበባ ፈነዳ። ከተማው ውስጥ ሆኜ ሽታው ይመጣብኛል፤ ሰው "እሰይ፣ ደስ ይላል" ሲል እኔ ቀን እቆጥራለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ኮቺቶ ደወሉ። "ነይ" ብቻ ብለው ዘጉ።

አለቀልኝ አልኩ። ሳጥኑን ስሸከም አናቴ ላይ የምጠመጥመው ጨርቅ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። እንደደረስኩ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ እጄን ይዘው ወደ ዛፉ ወሰዱኝ። የንብረት ቁጥሩ አሁንም እንደተለጠፈ ነው። ማራገቢያው በነበረበት ክብ ቀዳዳ ግን ንብ ይተራመሳል። ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል።

"ውሸትሽ ንብ ገባበት" አሉኝ።

"የእርስዎስ?" አልኳቸው በደስታ። "ሦስቱስ?"

ፊታቸውን አዞሩ። "ባዶ" አሉ እያጉረመረሙ። "ሠላሳ ዓመት ቀፎ የሰቀለ ሰው ሦስቱም ባዶ። ገመድ ማሰር የማታውቅ የከተማ ሴት ግን..." አልጨረሱትም። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሲደርስ ማሩን ራሳቸው ቆርጠው ሱቄ ድረስ አመጡልኝ። እኔ ግማሹን ይውሰዱ ብል "የሰው ቀፎ ማር አልበላም" ብለው አሾፉብኝ። በግድ አስያዝኳቸው። አሁን ከማንኪራ ሲመጡ እኔ ሱቅ ሳይቀመጡ አይሄዱም፤ እኔም እሳቸው ፊት ትንሽ ነገር እንኳ ማጋነን አልችልም። እዚያ ቁጭ ብለው ዓይኔ የት እንደሚያርፍ የሚያዩ ይመስለኛል። ስለ ሠራሁት ሥራ አፍራለሁ፤ እሳቸውን ስላገኘሁበት ግን ባይሆን ኖሮ ማለት አልቻልኩም።

ባለፈው ታሪኩ አላስችል ብሎት መንገዱን ተሻግሮ መጣ። የእርሱም ኮምፒውተር ማሰብ ጀምሯል።

"አስቱ፣ በእናትሽ፣ ራም እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ከየት አገኘሽ?" አለኝ።

ከእንግዲህ አልዋሽም ብያለሁና እውነቱን ነገርኩት፤ ከነዚያ ሲፒዩዎች ሆድ ወጥቶ ማንኪራ ገመድ ላይ ተሰቅሎ እንዳገኘሁት፣ ሳጥኑም ንብ እንደገባበት። እንዲያምነኝ ማሩን በማንኪያ አቀመስኩት። ማንኪያውን ላሰና ቅር ብሎት አየኝ።

"አንቺ ደግሞ ቀልድሽን መቼ ነው የምትተይው?" አለኝ።